ያልተነሣው ስልክ

(በድርጅታችን የደጋፊዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሜሪላንድ የተደረገ ንግግር)



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ሥራችን እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ እንደ ልማዳችን ስለ ቤት ኪራይ እርዳታ፣ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርትና ለአዲስ መጤዎች ስለሚሰጠው የክረምት ልብስ ሪፖርት ለማቅረብ አስቤ ነበር። ሪፖርቱ ተጽፎ በእጃችሁ ይገኛል። እኔ ግን ዛሬ ላነሣው የምፈልገው በዚያ ሪፖርት ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ስለ ያዘው አገልግሎት ነው። መስመሩ «ለአዋቂዎች በቪዲዮ የሚሰጥ የምክር አገልግሎት» ይላል። አንዳንዶቻችሁ «ገንዘባችን ለእንዲህ ያለ ነገር ነው እንዴ የሚወጣው?» ብላችሁ በቅንነት ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ብጠየቅ ከእናንተ ጋር ሆኜ እጠይቅ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ ሳይሆን የራሴ ስሕተት ነው። ስለዚህ ከስሕተቴ ልጀምር።

ኮቴን ያነሣሁበት ምሽት

ታሪኩ የአንድ ወንድማችን ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እንድናገር ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል። በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ በታክሲ ሥራ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። የትውልድ አገራቸው ደሴ ነው። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ውሳኔ ስላላገኘ ወደ አገር ቤት መሄድ አይችሉም ነበር፤ ቢሄዱ ጉዳያቸው እንደሚበላሽ ጠበቃቸው ነግሯቸዋል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ አንድ ምሽት እናታቸው ደወሉ። እሳቸው በዚያ ሰዓት መንገደኛ ጭነው ወደ ዳለስ አየር ማረፊያ እየነዱ ነበር። «መንገደኛውን ላድርስና እደውላለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ወረፋ ስለ ነበረ ሌላ መንገደኛ ጫኑ፤ ሲመሽ ደግሞ «አሁን ተኝታ ይሆናል» ብለው አሳደሩት። በማግሥቱም ሆነ በተከታዩ ቀን መስመር ጠፋ። ከተማይቱ በውጊያው ስትያዝ ስልክ ፈጽሞ ተቋረጠ። በኅዳር መጨረሻ ደሴ ተመልሳ በመንግሥት ኃይሎች ሥር ከገባች በኋላ ግንኙነቱ ሲቀጠል የመጣው ወሬ መርዶ ነበር። እናታቸው የሚወስዱት የስኳር መድኃኒት አልቆባቸው በቤታቸው ዐርፈዋል።

መርዶውን እንደ ወጉ በማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን ነገርናቸው። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ቡናና ምግብ በየተራ መጣ፤ ተዘመረ፤ ተጸለየ። በአራተኛው ቀን ሁላችንም ወደ ሥራችን ተመለስን፤ እሳቸውም መኪናቸውን አስነሡ። አገር ቤት ቢሆን ድንኳኑ ቢፈርስም ሰው አይበተንም። ጎረቤት ይመላለሳል፤ እድርተኛው ይጠይቃል፤ ሐዘንተኛው በየቀኑ ስለ ሟቹ ይናገራል። እዚህ ግን ሐዘን የሥራ ፈረቃ ይገድበዋል።

ከሁለት ወር በኋላ ባለቤታቸው ደወሉልኝ። «እንቅልፍ የላቸውም፤ በልጆቹ ላይ ይቆጣሉ፤ ከሥራ መጥተው ወደ ቤት አይገቡም፤ መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ» አሉኝ። ሄድኩ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት የሚባል አንድ ትምህርት ተምሬ ነበርና የማውቅ መስሎኛል። ሦስት ጥቅስ አነበብኩላቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ አማኝ ነዎት፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ሊያዝኑ አይገባም» አልኳቸው። የጾምና የጸሎት ፕሮግራም አወጣሁላቸው። ጸለይኩ፤ «አሜን» ብዬ ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ። በዚያ ምሽት ሌላ ሁለት ቤት የምጎበኘው ነበረኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሡም። እኔም በልቤ «ምክሬን አልተቀበሉም» አልኩ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረታችን ትዝ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ወገኖቼ፣ በኋላ ከራሳቸው አፍ የሰማሁት ይህ ነው። በዚያ ሌሊት እኔ ከወጣሁ በኋላ መሞትን አስበው ነበር። «ስትጸልይልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአሜን በኋላ የምነግርህ ነገር ነበረኝ። አፌን ስከፍት ኮትህን አነሣህ» አሉኝ።

ዘጠኙ ጥያቄዎች

የዳኑት በእኔ አልነበረም። ባለቤታቸው ለደም ግፊት ምርመራ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። እዚያ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉበት አንድ ወረቀት ሰጧቸው። ይህ መጠይቅ በዚህ አገር በየሐኪም ቤቱ የተለመደ ነው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም፣ ስለ ራስ ያለንን አመለካከት ይጠይቃል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 27 ይቆጠራል። በአማርኛም ተተርጉሞ በአዲስ አበባ በሆስፒታል ታካሚዎች ዘንድ የተፈተነ ሲሆን፣ የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። የመጨረሻው ጥያቄ ሰው መሞትን አስቦ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። እኔ በሦስት ጥቅስና በአንድ ጸሎት ያልጠየቅሁትን ወረቀቱ ጠየቃቸው። ምልክት አደረጉበት። ነርሷ አንብባ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉ እለምናለሁ። ብዙዎቻችን «ስለ ሞት ከጠየቅሁት ሐሳቡን በልቡ እጨምርበታለሁ» ብለን እንፈራለን። ይህ እውነት አይደለም። በዚህ ሙያ የተሠማሩ ሰዎች በጥናትም በልምድም የሚመሰክሩት በግልጽና በፍቅር መጠየቅ ሰውየውን ከሸክሙ እንደሚያሳርፈው እንጂ ወደ ሞት እንደማይገፋው ነው።

ሐኪሙ ወደ አንዲት ክሊኒካል ሶሻል ወርከር መራቸው። አማርኛ ተናጋሪ ስትሆን በቪዲዮ ስልክ የምታገለግል ነበረች። ወንድማችን እሺ ያሉበትን ምክንያት ሲነግሩኝ ሣቁ። «ቢሮ ብባል አልሄድም ነበር፤ መኪናዬን በአማካሪ ደጅ ቆሞ የሚያይ ሐበሻ አይጠፋም» አሉ። እነሆ፣ የቪዲዮው አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

ይህች ባለሙያ ማን ናት?

አንዳንዶቻችሁ ሶሻል ወርከር ስትሉ የምግብ ኩፖን ፎርም የሚሞላ ወይም ልጆችን ከወላጆች የሚወስድ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ይመስላችኋል። ስለዚህ በአጭሩ ላስረዳ። ክሊኒካል ሶሻል ወርከር በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ የማስተርስ ዲግሪ ያለው ሰው ነው። ከምረቃ በኋላ ደግሞ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር ሆኖ ሕሙማንን እየረዳ መሥራት አለበት፤ በብዙ ስቴቶች ይህ 3,000 ሰዓት ያህል፣ ማለትም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ነው። ከዚያም ፈተና አልፎ ከስቴቱ ፈቃድ ይቀበላል። መድኃኒት አያዝም፤ ያ የሐኪም ድርሻ ነው። የእርሱ ሥራ የሰውን ጭንቀትና ሐዘን ከኑሮው ጋር፣ ከቤቱ፣ ከሥራው፣ ከስደቱ ጋር አያይዞ መመልከትና ሰውየው ራሱ መንገዱን እንዲያገኝ መርዳት ነው።

ሙያው ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደ ገና ተከፈተ።

አገልግሎቱ እንዲህ ይካሄዳል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ስለ ምሥጢር ጥበቃ ያስረዳል። የተነገረው ሁሉ በምሥጢር ይያዛል፤ ነገር ግን ሰውየው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ የተቃረበ እንደ ሆነ፣ ወይም ሕፃን እየተጎዳ እንደ ሆነ ባለሙያው ዝም ሊል አይችልም። ይህን አስቀድሞ ይናገራል። የሚገናኙበትም የቪዲዮ መስመር እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን የሕሙማን መረጃ ጥበቃ ሕግ የሚያሟላ መሆን አለበት። ከዚያ በየቀጠሮው ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ «አሁን የት ነዎት? ብቻዎን ነዎት?» የሚል ነው።

የት እንዳሉ የሚጠየቀው በከንቱ አይደለም። አንደኛ፣ አደጋ ቢፈጠር እርዳታ የሚላክበት አድራሻ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ የስቴት ፈቃድ ስለ ሆነ ባለሙያው ተገልጋዩ በተቀመጠበት ስቴት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በእኛ አካባቢ ይህ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። ሰው በሜሪላንድ ያድራል፣ በዋሽንግተን ይሠራል፣ በቨርጂኒያ ይገበያያል፤ ሦስቱም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ወንድማችን ለመጀመሪያው ቀጠሮ ስልኩን የከፈቱት በሬገን አየር ማረፊያ የታክሲ መጠበቂያ ነበር። «አሁን የት ነዎት?» ተባሉ፤ ነገሩ። እርሷም «ጋሼ፣ ያሉበት ቦታ ቨርጂኒያ ነው። የእኔ ፈቃድ የሜሪላንድ ነው። ዛሬ እዚያ ሆነው ልንጀምር አንችልም» አለቻቸው። ነገር ግን ዝም ብላ አልዘጋችም። በዚያች ሰዓት ራሳቸውን ለመጉዳት እያሰቡ እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ደኅና መሆናቸውን አረጋገጠች፤ አደጋ ቢያሰጋቸው የሚደውሉበትን ቁጥር አስጻፈቻቸው፤ ለዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀጠሮ ሰጠች። ወንድማችን መጀመሪያ ተናደዱ። ኋላ ግን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆመው ሲጠብቁ፣ «ይህች ልጅ ለእኔ ስትል ሕግ የምትጠብቅ ከሆነች ምሥጢሬንም ትጠብቃለች» ብለው እንዳሰቡ ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ያንን ወንዝ ተሻግረው ከዚያው ቦታ ይቆሙ ነበር።

«እናትዎ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?»

ምን እንደ ተነጋገሩ ከእርሷ አልሰማሁም፤ ብጠይቃትም አትነግረኝም። የምነግራችሁ እሳቸው የነገሩኝን ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «እናትዎ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» የሚል ነበር። ወንድማችን ለቅሶ ከመጡት ሰዎች ሁሉ፣ ከሽማግሌዎች ሁሉ፣ ከእኔም ከአገልጋያቸው ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው አልነበረም። ሁላችንም «በርታ» ነበር ያልነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ እናታቸው ተናገሩ፤ በማለዳ ቡና ሲወቅጡ እንዴት እንደሚያንጎራጉሩ፣ ለጎረቤት ልጅ ሳይቀር ደብተር እንዴት እንደሚገዙ። ካለቀሱ ቆይተው ነበርና አለቀሱ።

ያልተነሣውን ስልክ የተናገሩት በአራተኛው ሳምንት ነው። ለባለቤታቸው እንኳ ነግረው አያውቁም። «እናቴ እየጠራችኝ ስልኩን ዘጋሁባት፤ ገደልኳት» አሉ። እዚህ ላይ እኔ ብሆን ምን እንደምል አውቃለሁ። «አይዞዎት፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ብዬ በፍጥነት አልፈው ነበር። እርሷ ግን አልቸኮለችም። ያንን ምሽት ሰዓት በሰዓት እንዲነግሯት ጠየቀች። በየመካከሉ «በዚያ ሰዓት ምን ያውቁ ነበር?» ትላለች። መስመር እንደሚቋረጥ ያውቁ ነበርን? አያውቁም። መድኃኒቱ እንዳለቀ ያውቁ ነበርን? አያውቁም። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ስንት ጊዜ ደውለዋል? በየሁለት ቀኑ። በታኅሣሥ የሰሙትን ነገር በጥቅምት ያውቁት ይመስል ራሳቸውን ሲከሱ እንደ ኖሩ ቀስ በቀስ ራሳቸው አዩት። ማንም አልሰበከላቸውም።

ከዚያ የቤት ሥራ ተሰጣቸው። ከሐዘኑ ወዲህ የአገር ቤት ስልክ ሲጮኽ ይሸሹ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእህታቸው እንዲደውሉ ተስማሙ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንዲነሡ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል አልጋ ላይ እንዳይገላበጡ፣ ከሥራ መልስ መኪናው ውስጥ የሚቀመጡበትን ጊዜ ቀስ በቀስ እንዲያሳጥሩ፤ ነገሩ ሁሉ ትንንሽ ነው። አገልግሎቱ አምስት ወር ያህል ወሰደ። ዛሬም ጥቅምት ሲመጣ ይከብዳቸዋል። ነገር ግን ይተኛሉ፤ ከልጆቻቸው ጋር ይበላሉ፤ አንድ እሑድ ደግሞ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ከአገልግሎቱ በኋላ ወደ እኔ መጡና ስለ ኮቱ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ይቅር አሉኝ።

ሦስት ጥያቄዎች

ወገኖች በተደጋጋሚ የሚያነሧቸውን ሦስት ጥያቄዎች ልመልስ።

የመጀመሪያው «ይህ የእምነት ማነስ አይደለምን?» የሚል ነው። ነቢዩ ኤልያስን አስቡት። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ብዙ ሳይቆይ በክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ እንዲሞት ለመነ። በ1ኛ ነገሥት 19 እንደምናነበው እግዚአብሔር አልገሠጸውም። አስተኛው፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደ ገና አስተኛው፤ እንደ ገናም አበላው። ከዚያ ረጅም መንገድ በኋላ ደግሞ ጥያቄ ጠየቀው፤ ኤልያስም የልቡን ሁሉ እንዲናገር ጊዜ ሰጠው። አምላካችን ሲሠራ ቅደም ተከተል አለው። እኔ ግን ያን ምሽት በእንጎቻው ፋንታ የጾም ፕሮግራም ነበር የሰጠሁት።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 በዋና ጸሐፊዋ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይታወቃል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር የሰውን ነፍስና ሥጋ፣ ወንጌልንና ልማትን ለያይቶ ማገልገል ትክክል አይደለም፤ ሰው ሙሉ ነው፣ አገልግሎቱም ሙሉ መሆን አለበት የሚል ነበር። ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. በ1979 በደርግ ሰዎች ተይዘው ተገደሉ፤ ትምህርታቸው ግን አልተገደለም። ለረሃብተኛው ስንዴ ስንሰጥ «ጸሎት አይበቃውምን?» አንልም። እንቅልፍ ላጣውስ ለምን እንላለን?

ሁለተኛው ጥያቄ «ሰው በስልክ መስታወት ውስጥ እንዴት ይረዳል?» የሚል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ የሚወድዳቸውን ሰዎች ያጽናናው በደብዳቤ ነው። ሩቅ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ደረሰ። በዘመናችንም በስልክ የማጽናናትን ሥራ ካስጀመሩት መካከል የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የሚባሉ የእንግሊዝ ቄስ በለንደን ራሳቸውን ለመግደል ለሚያስቡ ሰዎች አንድ የስልክ ቁጥር አስታወቁ፤ ሳማሪታንስ የተባለው ማኅበር ከዚያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ አለን ዎከር የተባሉ የሜቶዲስት ቄስ፣ በስልክ ያነጋገሩት አንድ የተጨነቀ ሰው ሕይወቱን ካጠፋ በኋላ በሲድኒ ላይፍላይን የሚባለውን አገልግሎት ከፈቱ። እነዚያ ቄስ ስለ አንድ ሰው ሞት ቁጭት አድሮባቸው ነው የተነሡት። እኔ የማውቀው ሰው በሕይወት አለ፤ ቁጭቱ ግን ይገባኛል።

በቪዲዮ መሆኑ ለእኛ ሕዝብ ልዩ ጥቅም አለው። አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ጥቂት ነው፤ በአንድ ስቴት ያለ አንድ ባለሙያ ግን በዚያ ስቴት ዳር ከተማ ብቻውን የሚኖረውን ወገን ሳይቀር ይደርሳል። አስተርጓሚ ሲገባ ሌላ ችግር አለ፤ አስተርጓሚው የእድራችን አባል ወይም የጎረቤታችን ልጅ ሆኖ ይገኛል። በአማርኛ «ጨነቀኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ልቤ ፈራ»፣ «ራሴን ያዞረኛል» የምንለው ደግሞ ሲተረጎም ይበርዳል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማልቀስ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ለማያውቁት ሰው ገመናን ማውጣት ተገቢ ነውን?» የሚል ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብለን አድገናል። ነገር ግን አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለውም አስተምረውናል። አንዳንድ ጊዜ የማያውቁት ሰው መሆኑ ራሱ ይረዳል፤ በእሑድ ዕለት ዓይን ለዓይን አንተያይምና።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

ይህ አገልግሎት ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ሁኔታ አይደለም፤ በሐቀኝነት ልንናገር ይገባል።

አንደኛ፣ አሁን ራሱን ሊጎዳ የተነሣ ሰው የሳምንት ቀጠሮ አይጠብቅም። በአሜሪካ ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 የሚባል ቁጥር በቀንም በሌሊትም ይሠራል፤ ሲደወል አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ደግሞ 911 ነው። ይህን ቁጥር በየቤታችሁ ለጥፉት።

ሁለተኛ፣ በቤቷ የምትደበደብ እኅት ባሏ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጦ በቪዲዮ ልትናገር አትችልም። እንዲህ ላሉት ከቤት ውጭ ሰላማዊ ክፍል ያስፈልጋል። ከሦስት ከአራት ሰው ጋር አንድ ክፍል ለሚጋሩ ሰዎችም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛ፣ የሌለ ድምፅ ለሚሰማው፣ የሌለ ነገር ለሚያየው፣ በመጠጥ ወይም በሌላ ሱስ ተይዞ በድንገት ሲያቋርጥ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ሐኪም በአካል ማየት አለበት።

አራተኛ፣ «አማካሪ ነኝ» የሚል ሁሉ አማካሪ አይደለም። የስቴቱ የሶሻል ወርክ ቦርድ የባለ ፈቃዶችን ስም ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ያለ ክፍያ ማንም ስሙን አስገብቶ ማረጋገጥ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። «በሦስት ቀን አድንሃለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ሳታረጋግጡም ሽሹ።

አምስተኛ፣ ክፍያው ቀላል አይደለም። መድን የሌለው ሰው ለአንድ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይጠየቃል። እንደ ገቢ መጠን የሚቀንሱ ባለሙያዎችና ክሊኒኮች ግን አሉ፤ «ቅናሽ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የቀረው ሰዓት የማን ነው?

ወገኖቼ፣ ወደ መደምደሚያው ልምጣ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ባለሙያው ከዚያ አንዱን ሰዓት ይወስዳል። የቀሩት 167 ሰዓቶች የእኛ ናቸው። ባለሙያው ሾርባ አያመጣም፤ ልጆችን ከትምህርት ቤት አያመላልስም፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ለቅሶ አይቀመጥም። ይህ የምእመናን ድርሻ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ብዙ ተወቅሰዋል፤ ነገር ግን አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀን በዝምታ አብረውት በመሬት ተቀምጠው ነበር። ጥፋታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው። እኔ ሰባት ደቂቃ እንኳ ዝም አላልኩም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መድን የሌላቸው ወገኖች ቀጠሮአቸውን ሳያቋርጡ እንዲጨርሱ በምትሰጡት ስጦታ እንድትቀጥሉ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የተቋረጠ ምክር ቁስል ከፍቶ ሳያስሩ እንደ መተው ነው። ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ በር የሚዘጋ፣ መስመር ያለው፣ ማንም የማያንኳኳው አንድ ትንሽ ክፍል በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት እንድትሰጡን ነው። ወንድማችን መኪና ነበራቸው፤ መኪና የሌላት እኅት የት ሄዳ ታልቅስ? ሦስተኛ፣ ገንዘብም ክፍልም የሌላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ሐዘንተኛ ጋ ሂዱ። የሞተችበት እናቱ እንዴት ያለች ሰው እንደ ነበረች ጠይቁት። ከዚያ ዝም በሉ። ከጸለያችሁም በኋላ ኮታችሁን ቶሎ አታንሡ፤ የሚናገረው ነገር ይኖረው ይሆናል።

የመጽናናት ሁሉ አምላክ እኛን እንዳጽናናን ሌሎችን ለማጽናናት ያብቃን። ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። አሜን።